የግመሉ ግራ ጎን

እሙሽ ገንፎውን በጣቶቿ ጫፍ አድቦልቡላ ከልጇ ጉንጭ ውስጥ፣ ከመንጋጋዋ አጠገብ አኖረችና አገጯን በአውራ ጣቷ ደግፋ ጠበቀች። እዚህ ላይ መቸኮል አይቻልም። ምላስ ምግቡን ፈልጎ እስኪያገኘው፣ አግኝቶ እስኪያገላብጠው፣ ከዚያም ጉሮሮ እስኪቀበለው ድረስ ጣት ከአገጭ ላይ አይነሣም። የቸኮሉ እንደሆነ ትን ይላታል፤ ትን ካላት ደግሞ ክንዶቿ ወደ ላይ ይገተራሉ፣ እግሮቿ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ፣ የጎረሰችው ሁሉ እናቷ ቀሚስ ላይ ይመለሳል። ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ የተጀመረው ቁርስ ፀሐይ የግራሮቹን አናት እስክትነካ ድረስ ይቀጥላል።

ንግሥት ስምንት ዓመት ሞልቷታል። ካልደገፏት አትቀመጥም፤ ቆማም አታውቅም። ቃል ከአፏ አይወጣም፤ የሚነገረውን ግን አንድ ሳይቀር ትሰማለች።

"ሃዳ ንግሥት፣" አለ ሀላኬ ከግመሎቹ መካከል ቆሞ ገመድ እየጠቀለለ፣ "ይህች ልጅ ቁርሷን እስክትጨርስ ዝናቡ ይገባል።"

እሙሽን ቅር አላላትም። ሃዳ ንግሥት ማለት በአገሩ ቋንቋ የንግሥት እናት ማለት ነው። ነገሌ ወታደር ሰፈር ሴቱ ሁሉ በበኩር ልጁ ስም ይጠራል፤ እሷ ብቻ "የሃምሳ አለቃ ሚስት" እንደተባለች ስምንት ዓመት ኖራለች። ይህ ትንባሆ የሚያኝክ ነጭናጫ ግመል ጫኝ ግን በመጀመሪያው ቀን የልጅቱን ስም ጠየቀና ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እናቲቱን በዚያው ጠራት። የስሙ ትርጉም ምን እንደሆነ ሲነገረውም ልጅቱን "ጊፍቲ"፣ እመቤት እንደማለት ነው፣ እያለ ግመሎቹን በሚያናግርበት በዚያው ድምፅ ያናግራት ጀመር።

ጊዜው አሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ መጋቢት ነው። በቆላው ሽፍታ ስለበዛ ከነገሌው ጦር አንድ ክፍል ወደ ፊልቱ ወርዶ ሰፍሯል። የእሙሽ ባል ሃምሳ አለቃ ወልደየሱስም ከነሱ ጋር ከወረደ ከርሟል። ባለፈው ሳምንት የስንቅ መኪና የሚነዳው ፍስሐ ከደጃፏ ቆሞ የባሏን ቃል አደረሰ። ቤት ተሰጥቶኛል፤ ከሾፌሩ ጎን ቦታ ተይዞልሻልና ነይ። ልጅቱን ለቀድሪያ ተዪያት፤ ቀለቧን ከዚህ እልካለሁ። ፍስሐ ይህን ሲናገር ዓይኑን ከመኪናው ጎማ ላይ አላነሣም።

"ለአንድ ሰው ነው የተባልሁት እትዬ፣" አለ። "እሷን እንዳልጭን ታዝዣለሁ።"

ቀድሪያ የግድግዳ ጎረቤታቸው ናት። ከእናቷ ቀጥሎ ንግሥትን ማጉረስ የምትችል እሷ ብቻ ናት። ለእኔ ተዪያት፣ ከልጆቼ ለይቼ አላያትም ብላ አልቅሳ ለመነች። እሙሽ ነገሩን አወጣችው፣ አወረደችው። ቀድሪያ ዘንድ ብትቀር ልጅቱ እንደማትጎዳ ታውቃለች። ያስፈራትም ይኸው ነበር። አንድ ወር አልፎ ሁለት ወር ሲሆን፣ ጧት ተነሥታ የማንንም አገጭ ሳትደግፍ ቁርሷን ስትበላ፣ ያንን እንዳትለምደው ፈራች። መኪናው ያለ እሷ ሄደ። በማግስቱ ገበያ ወጥታ ወደ ፊልቱ የሚጭን ባለ ግመል አጠያየቀች።

አሁን ጉዟቸው ወደ ማለቁ ነው። ንግሥት የመጨረሻውን ጉርሻ ስትውጥ ሀላኬ መጥቶ ብድግ አደረጋትና ወደተንበረከከው ግመል ወሰዳት።

ግመል የተዛነፈ ጭነት አይወድም። አንዱ ወገን ከከበደ ኮርቻው ይዞራል፤ ኮርቻው ከዞረ ጭነቱ ከሆዱ ሥር ይገባል። ሀላኬ ከነገሌ ሲነሡ ንግሥትን በአንድ ክንዱ፣ ውሃ የሞላ የወታደር ጀሪካን በሌላው አንሥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ቆሞ ነበር። "ውሃው ይበልጣል፣" አለና በልጅቱ በኩል አንድ ከረጢት ጨው ጨመረ። ከዚያ ወዲህ ንግሥት በግመሉ ግራ ጎን፣ የበግ ቆዳ በተነጠፈበት የጭራሮ ቅርጫት ውስጥ በመቀነት ታስራ ትጓዛለች፤ ጀሪካኑ በቀኝ ነው። የሚጠጣው ውሃ ከእሙሽ የቆርቆሮ ሳጥን ጋር በሁለተኛው ግመል ላይ ተጭኗል። የዚህኛውን ጀሪካን ክዳን ማንም እንዳይነካ ሀላኬ አስጠንቅቋል። ለምን እንደሆነ አልተናገረም፤ እሙሽም አልጠየቀችም። ለግመሎቹ የቆጠበው መስሏት ነበር።

ስምንት ዓመት ሙሉ ልጇን ያየ ሁሉ ይመዝናት ነበር። የማን ኃጢአት ናት፣ የማን እርግማን ናት፣ አባቷ ዘመቻ ላይ ምን ቢያደርግ ነው እያለ። ክብደቷን ብቻ የመዘነ የመጀመሪያው ሰው ሀላኬ ነበር።

"ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ፊልቱ ነን፣" አለ መቀነቱን እያጠበቀ።

እሙሽ የልጇን የተበታተነ ጸጉር በመዳፏ ወደ ኋላ ሰበሰበች።

መንገዱ በቀይ አፈር ላይ፣ በኩይሳና በእሾህ መካከል ይሄዳል። እሙሽ በግመሉ ግራ ጎን፣ ቅርጫቱን በእጇ እየነካች ትራመዳለች። ንግሥት ከነጠላዋ ጥላ ሥር ሆና የግመሉን አንገት ትመለከታለች። የግመሉ እርምጃ ሲወዘውዛት የተገተረው ሰውነቷ ይላላል። በነገሌ ቤታቸው ጡንቻዋ እንዲህ የሚፈታላት እንቅልፍ ሲወስዳት ብቻ ነበር፤ እዚህ ግን ዓይኗን ገልጣ፣ ጣቶቿ ተዘርግተው ትሄዳለች። ከትናንት ወዲያ እሙሽ ይህን ለሀላኬ ስትነግረው ግመሉ ጠንቋይ ነው፣ ዋጋው ግን እንደ ግመል ነው ብሎ አስቋት ነበር።

ዛሬ ግን ሳቅ አልመጣላትም። የባሏን ፊት ታስብ ነበር።

ወልደየሱስ ክፉ ሰው አይደለም። ልጅቱ ሦስት ዓመት ሲሞላት ፈቃድ ወስዶ ደጋ ድረስ ይዟቸው ሄዶ ጠበል አስጠምቋት ነበር። ከመኪና ወርደው ያለውን ዳገት በትከሻው ተሸክሟት የወጣ እሱ ነው። ሱባኤው አልቆ ሲመለሱ ልጅቱ ያው እንደሄደችው ነበረች። ከዚያ ወዲህ አባቷ አቅፏት አያውቅም። ከሥራ ሲመለስ ከደጃፉ ቆሞ "በላች?" ይላል፤ "በልታለች" ሲባል ይገባል። ጥያቄው ይህችው ብቻ ናት፤ ሳይጠይቅ የቀረበት ቀን ግን የለም። እሙሽ በዚህች አንዲት ጥያቄ ላይ ተስፋዋን ሁሉ አንጠልጥላለች። ንጹሕ ሆና፣ ጸጉሯ ተሠርቶ፣ ሳጥን ውስጥ ያለውን ነጭ ቀሚስ ለብሳ ቢያያት፣ ምናልባት ከደጃፉ አልፎ ይገባ ይሆናል ብላ አሰበች።

ቀትር ላይ ከአንድ ሰፊ ግራር ሥር አረፉ። ሀላኬ ግመሎቹን አንበረከከና ልጅቱን አውርዶ ለእናቷ ሰጠ። ወዲያ ማዶ የፍየል አቧራ አይቷል፤ የመንገዱን ወሬ ጠይቄ ልምጣ ብሎ ጦሩን ተደግፎ ሄደ።

እሙሽ ልጇን ስታቅፋት ሽታው መጣባት። ንግሥት ከወገቧ በታች ተበላሽታለች፤ የበግ ቆዳውም እንዲሁ። ይህ አዲስ ነገር አልነበረም፤ በየቀኑ ያለ ነው። በሌሎቹ ቀናት በቅጠልና በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ፣ ጨርቅ ለውጣ ታልፈው ነበር። ዛሬ ግን ፊልቱ ናት። የሰፈሩ ሴቶች ሊወጡ ነው። አባቷ ከደጃፉ ሊቆም ነው።

ሀላኬ የሄደበትን አየች። ከዚያም ወደ ጀሪካኑ ሄደች። በጎኑ ተጋድሞ ስለታሰረ ክዳኑን ስታላላው ውሃው በራሱ ወደ ጣሳዋ ወረደ። መጀመሪያ አንድ ጣሳ ብቻ ነበር ያሰበችው።

ውሃው ሲነካት ንግሥት አፏን ከፈተች። ከነገሌ ከወጡ ወዲህ ሙሉ ገላዋን ውሃ አልነካውም ነበር። ሁለተኛው ጣሳ በራሷ ላይ ሲፈስ ከሆዷ የሚጀምር፣ በጉሮሮዋ የሚንቆረቆር ድምፅ አወጣች። እንዲህ ነው የምትደሰተው።

"ልድገምሽ?" አለቻት እናቷ።

ንግሥት ዓይኖቿን ወደ ላይ አነሣች። አዎ ስትል እንዲህ ታደርጋለች፤ እምቢ ስትል ትጨፍናቸዋለች።

ደገመቻት። ገላዋን፣ ጸጉሯን፣ ከዚያም ቆዳውን፣ ከዚያም የረከሰውን ጨርቅ አጠበች። ቅቤ ቀብታ ጸጉሯን ስትጎነጉን እናትና ልጅ ጥላው ሥር እግራቸውን ዘርግተው ነበር፤ እሙሽ ፊልቱንም፣ ባሏንም፣ ሀላኬንም ለጥቂት ጊዜ ረሳች። ነጩን ቀሚስ አልብሳት ወደ ኋላ ብላ ተመለከተቻት። ቆንጆ ነበረች። ቆንጆ መሆኗን የሚያውቅ ሰው በዚህ ዓለም ላይ ስንት እንደሆነ አሰበችና ተከፋች።

ሀላኬ እየተቻኮለ ተመለሰ። ነፍጥ የያዙ ሰዎች ከወዲያኛው ደረቅ ወንዝ ሲሻገሩ ታይተዋል፤ ሽፍቶች ይሁኑ ሌላ አይታወቅም፤ ቶሎ መንቀሳቀስ ይሻላል አለ። ጀሪካኑን አልነካም። እስከ ዛሬ በእጁ ነካ አድርጎ ክብደቱን ሳይፈትን ግመል አስነሥቶ አያውቅም ነበር። ንግሥትን ቅርጫቷ ውስጥ አስገባ፣ መቀነቱን ቋጠረ፣ ግመሉን አስነሣ።

ግመል ሲነሣ በኋላ እግሩ ነው የሚጀምረው። ጀርባው ወደ ፊት ሲያዘነብል ኮርቻው ወደ ግራ ተንሸራተተ። ከሥሩ ጥቂት ውሃ ብቻ የቀረው ጀሪካን እንደ ላባ ወደ ላይ ወጣ። ቅርጫቱ ወረደ፣ ዞረ፣ ከግመሉ ሆድ ሥር ገባ። ግመሉ ደንግጦ ረገጠ። ሀላኬ የአንገቱን ገመድ ይዞ ተንጠለጠለበት፤ እሙሽ ከእግሮቹ መካከል ገብታ ጀርባዋን ከቅርጫቱ ሥር ደገፈች። ግመሉ ሲረጋጋ መቀነቱን ፈትታ ከሥሩ እየተሳበች ልጇን አወጣች።

ንግሥት አላለቀሰችም። ትንፋሿ ተይዞ፣ ክንዶቿ ተገትረው፣ ፊቷ ገረጣ። ከግራ ቅንድቧ በላይ የኮርቻው እንጨት ሰንጥቋት ደሙ በጉንጯ ላይ ወደ ነጩ ቀሚስ ይወርዳል። እሙሽ ደረቷ ላይ አስተኝታ ጀርባዋን አሸችላት። ትንፋሹ ሲመለስ ልቅሶው አብሮ መጣ፤ እሙሽም ልቅሶውን ስትሰማ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ሀላኬ ጀሪካኑን አንሥቶ ነቀነቀው።

"ውሃው የት ሄደ?"

"አጠብኳት።"

"ለምን?"

"አባቷ ሊያያት ነው።"

ሀላኬ ትንባሆውን ተፋ። ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ልጅቱን አየና ተወው።

"ለመጠጥ አልነበረም እኮ፣" አለ። "የእሷ ክብደት ነበር። እሷን የያዛት እሱ ነው።"

"አልነገሩኝም፣ አባ ሀላኬ።"

"አልነገርሁሽም።" ክዳኑን አጥብቆ ዘጋ። "ሳልነካውም አስነሣሁ። ሁለታችን ነን የጣልናት።"

ከዚያ በኋላ ምን እንደሚጭኑ ተጨነቁ። ከሁለተኛው ግመል ሳጥኑን ወይም ውሃውን ቢያነሡ ያኛው ይዛነፋል። እሙሽ ድንጋይ እንልቀም አለች። ሀላኬ እምቢ አለ፤ አባቱም ከሰው ትይዩ ድንጋይ ጭኖ አያውቅም፤ ድንጋይ ከሰው ጋር የሚሆነው መቃብር ላይ ነው። እሙሽ እንዲህ ያለውን ነገር የምታምን አልነበረችም፤ ዛሬ ግን ለመከራከር ድፍረት አላገኘችም። እሺ፣ እኔ አዝላታለሁ አለችና አዘለቻት።

ንግሥት አድጋለች። እግሮቿ ከእናቷ ጉልበት በታች ይንጠለጠላሉ። ስትገተር እሙሽ ወደ ኋላ ትሳባለች፤ ስትላላ እንደ እርጥብ ጆንያ ትከብዳለች። ጥቂት እንደሄዱ እሙሽ ላቧ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ሀላኬ ከኋላ ሆኖ ወገብሽን ለማን ልታወርሺው ነው እያለ ያጉረመርም ነበር፤ ግመሉንም ቀስ አድርጎ ይነዳል።

የፍየሉን አቧራ የደረሱበት እንዲህ እየሄዱ ነው። ባለ ፍየሉ ጃልዴሳ ይባላል፤ ቀደም ብሎ ሀላኬ ወሬ የጠየቀው እሱን ነበር። ፍየሎቹን ለፊልቱ ገበያ ይነዳል። መሄድ ያቃታቸውን ሁለት ግልገሎች አንዱን በአንገቱ ላይ፣ ሌላውን በብብቱ ይዞ ያለከልካል። ሀላኬ ግልገሎቹን አየ፤ ንግሥትን አየ፤ ከዚያም ሳያስፈቅድ ግልገሎቹን ከጃልዴሳ ላይ ወስዶ በሁለት ክንዱ መዘናቸው።

"ሁለቱና ጀሪካኑ ውስጥ የቀረው ውሃ፣" አለ። "በቃ፣ እሷ ናቸው።"

ጃልዴሳ ነገሩ ሲገባው ኪራይ ልትከፍለኝ ይገባል አለ፤ ሀላኬ ደግሞ የማንን ሸክም ማን ነው ያቀለለው ብሎ ተቆጣ። በመጨረሻ ግመል ላይ የወጣ ፍየል ነገ ገበያ ላይ ስለሚኮራ ዋጋው ይጨምራል ተባብለው ሳቁና ተስማሙ። ግልገሎቹ በመረብ ታስረው ከጀሪካኑ ጋር በቀኝ ተሰቀሉ። ንግሥት በግራ ተመለሰች፤ እሙሽ ግንባሯን በነጠላዋ ጫፍ አስራላታለች።

ግመሉ ሲነሣ ግልገሎቹ ባንድ ድምፅ ጮሁ። ንግሥት ደነገጠች፤ ክንዷ ተወረወረ። እንደገና ጮሁ። ያን ጊዜ ከሆዷ የሚጀምረው ድምፅ መጣ፤ ተንቆረቆረ፤ አፏ ተከፍቶ፣ ደም በደረቀበት ጉንጯ ላይ ምራቋ እየወረደ ሳቀች።

ጃልዴሳ ቆመ። "ትስቃለች እንዴ?"

"ከሁላችንም በላይ፣" አለች እሙሽ።

"ጥቁሩን ነው ነጩን የወደደችው?"

"እኔን ለምን ይጠይቁኛል? እሷን ይጠይቋት።"

ጃልዴሳ አፍሮ ጉሮሮውን ጠረገ። ወደ ቅርጫቱ ተጠግቶ "ጥቁሩን?" አለ። ንግሥት ዓይኖቿን ጨፈነች። "ነጩን?" ወደ ላይ አነሣቻቸው። ጃልዴሳ በመገረም ወደ ሀላኬ ዞሮ በኦሮምኛ አንድ ነገር አለ፤ ሀላኬም ግመሉን እየሳበ፣ ነጩን ለእሷ ሳትሰጥ ነገ ገበያ ትወጣ እንደሆነ እናያለን ብሎ መለሰለት። ጃልዴሳ መንገዱን ሙሉ እንደ ፍየል ሲጮህላት ሄደ። እሙሽ ከኋላ እየተከተለች፣ የልጇን ሳቅ እየሰማች፣ የታሰረውን ግንባሯን ታይ ነበር። የግራ ዓይኗ አብጦ ሊዘጋ ነው። ሳታጥባት ይዛት ብትመጣ ይሻል ነበር።

ፊልቱ የደረሱት ጥላ ሲረዝም ነው። የቆርቆሮ ጣሪያዎች፣ ባንዲራው፣ ከአጥሩ ሥር በአንድ መስመር የተሠሩት የወታደር ቤቶች ታዩ። ፍየሎቹን ያዩ ልጆች መጀመሪያ ሮጡ፤ ሴቶቹ ተከተሉ። ከመካከላቸው እሙሽን ከነገሌ የምታውቃት የአንድ ምክትል አሥር አለቃ ሚስት ብርቱካን ነበረች።

"የሃምሳ አለቃ ሚስት፣" አለች እየሳቀች፣ "ፍየል ነጋዴ ሆነሽ መጣሽልን?"

ከዚያ ቅርጫቱን አየች። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ሌሎቹም ዝም አሉ። እሙሽ ይህን ዝምታ ታውቀዋለች፤ ከስድብ ይልቅ የምትፈራው እሱን ነው።

ወልደየሱስ ከሦስተኛው ቤት ወጣ። ካኪ ሸሚዙን ለብሶ ቀበቶውን አልታጠቀም። ወደ ግመሎቹ መጥቶ ከሚስቱ ፊት ቆመ።

"መኪናው ባዶውን መጣ፣" አለ።

"አዎ።"

"ቃሌ አልደረሰሽም?"

"ደርሶኛል።"

ሴቶቹን በዓይኑ ገረፍ አደረጋቸውና ድምፁን ዝቅ አደረገ። አገሩ አዲስ ነው፤ አለቃው አዲስ ነው፤ ሐኪም የለ፣ ጠበል የለ። እዚህ ለማን ነው የሚያሳያት? ነገ ፍስሐ ወደ ነገሌ ይመለሳል፤ ለቀድሪያ ያደርሳታል። ይህን ሁሉ ሲናገር አንድም ጊዜ ወደ ግመሉ ግራ ጎን አላየም።

"እንግዲያው ለሁለት ሰው ቦታ ይያዙ፣" አለች እሙሽ።

"ምን አልሽ?"

"እሷ በምትሄድበት እሄዳለሁ። ይህን ልነግርዎት ነው በእግሬ የመጣሁት።"

ወልደየሱስ አፉን ከፈተ፤ ግን ግመሉ መንበርከክ ጀምሮ ነበርና ወደ ጎን ዘወር አለለት። ጃልዴሳ ፍየሎቹን ለመሰብሰብ ወዲያ ሄዷል። ሀላኬ ከግልገሎቹ በኩል ቆሞ ገመዱን ያዘ። እሙሽ ወደ ቅርጫቱ ልትጠጋ ስትል ከለከላት።

"አንቺ የግመሉን አንገት ያዢ።"

የግመል አንገት ይዛ አታውቅም። ግራ ተጋብታ ገመዱን ተቀበለች።

"አንቱ ሃምሳ አለቃ፣" አለ ሀላኬ ሥራውን ሳይተው፣ "ያንን ወገን ይያዙልኝ። ሁለቱ ባንዴ ነው የሚወርደው።"

"ሰው የለህም?"

"እርስዎ አሉ። ልፈታው ነው።"

ፈታው። ሃያ ዓመት ወታደር ሆኖ "ያዝ" የተባለውን ሲይዝ የኖረ ሰው እጁ አልጠየቀውም፤ ተዘረጋና ያዘ። ቅርጫቱ ከነልጅቱ ወደ ደረቱ መጣ። ሀላኬ ግልገሎቹን መሬት ላይ ለቀቃቸውና ዞር ብሎም አላየም።

ወልደየሱስ ተሸክሟት ቆመ። ማስቀመጫ ፈለገ፤ ከሥሩ ያለው የግመል እበትና እሾህ ነው። ከዚያ ወደ ታች ተመለከተ። ጸጉሯ የተጎነጎነ፣ ቀሚሷ ደምና አቧራ የሆነ፣ አንድ ዓይኗ ያበጠ ልጅ በሌላኛው ዓይኗ ታየዋለች።

"ምን ነካት?" አለ፤ ድምፁ ተለውጦ ነበር። "አመመሽ?"

ንግሥት ዓይኗን ወደ ላይ አነሣች።

"አዎ ብላዎታለች፣" አለች እሙሽ ከግመሉ አንገት በኩል። "ወደ ላይ ካየች አዎ ነው።"

"ትመልሳለች?"

"ሁልጊዜ። የሚጠይቃት ሲኖር።"

ወልደየሱስ ቅርጫቱን በክንዶቹ ላይ አስተካከለው። ሴቶቹ ይመለከታሉ። "ከብዳለች፣" አለ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ልጅቱን ከነቅርጫቷ ይዞ በሰዎቹ መካከል አልፎ ወደ ቤት ገባ። በሩ ጠባብ ስለነበር በጎኑ ዞሮ ነው የገባው።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። የሽቦ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ከግድግዳው ላይ በምስማር የተሰቀለ የክብር ልብሱ። ወልደየሱስ ልጅቱን አልጋው ላይ አሳረፈና ከአልጋው ሥር የዘመቻ መድኃኒቱን ቆርቆሮ ጎትቶ አወጣ። ፀሐይዋ በበሩ ገብታ ወለሉ ላይ ነበረች።

"ራሷን ያዢልኝ።"

እሙሽ ያዘች። እሱ የደረቀውን ደም በጥጥ አለሰለሰ፤ ቀጥሎ አዮዲን ነካ አደረገ። ንግሥት ተገተረች፤ እግሮቿ ተጠላለፉ። የወልደየሱስ እጅ አየር ላይ ቆመ። ጎንበስ ብሎ ቁስሉን እፍ አለላት፤ እስክትላላም ጠበቀ። ከዚያ ቀጠለ።

ፍስሐ በሩ ላይ መጥቶ ቆመና ቆቡን አወለቀ። በማለዳ ስለሚነሣ የሚጫን ሰው እንዳለ ሊጠይቅ ነው የመጣው። ወደ አልጋው ሲያይ ግን ጥያቄውን ከመሐል ተወው።

እሙሽ ከልጇ ራስ ላይ እጇን አላነሣችም፤ ጓዟም ገና አልተፈታም፤ ባሏ ለሁለት ሰው ቦታ ያዝ ቢል የምትነሣው ከዚሁ ነው።

ወልደየሱስ ዞር አላለም። ፋሻውን እየለካ ነበር።

"ቁስሏ ሳይደርቅ መንገድ አትሄድም፣" አለ። "አቧራ ነው።"

"ሲደርቅስ፣ ሃምሳ አለቃ?"

"ያኔ ይታያል።"

ፍስሐ ቆቡን አጥልቆ ሄደ። የእግሩ ድምፅ ራቀ። እሙሽ የልጇን የቆሰለ ቅንድብ ተመለከተች። ስንጥቁ ጥልቅ አይደለም፤ የዚህ ቆላ ፀሐይና ደረቅ አየር ባጭር ጊዜ ያሽረዋል። የልጇ ቁስል ቶሎ እንዳይደርቅ ስትመኝ ራሷን አገኘችው። ደነገጠች፤ ምኞቱን ግን ልትመልሰው አልቻለችም።

ወልደየሱስ ፋሻውን ሁለት ጊዜ አዞረ፣ ጫፉን ቀደደ፣ ከጆሮዋ በላይ አላልቶ ቋጠረ። ጣቱን ከቋጠሮው ሥር አስገብቶ እንዳልጠበቀ ፈተነ። ከዚያ የአዮዲኑን ጠርሙስ አንሥቶ ክዳኑን አጠበቀና ከመስኮቱ ደፍ ላይ አኖረው።